በፖከር ውድድር አንድ ጠረጴዛ ላይ ስንት ሰው ይቀመጥ? ከመጀመሪያው ወንበር እስከ መጨረሻው ጠረጴዛ

ላስ ቬጋስ ውስጥ ካርታ ሳድል በቆየሁባቸው ዓመታት ከተጫዋች በብዛት የሰማሁት ቅሬታ ስለ መጥፎ ካርታ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ስለ ወንበር ነው። “እዚያ ጠረጴዛ ሰባት ናቸው፣ እኛ ለምን ዘጠኝ ሆንን?” “ከዚህ ሁሉ ሰው እኔ ለምን ተመረጥኩ?” ስለ ካርታው የምመልሰው ነገር አልነበረኝም። ስለ ወንበሩ ግን መልስ አለ። ያ መልስ ደግሞ የፍሎሩ (የውድድሩ አዳራሽ ተቆጣጣሪ) ስሜት ሳይሆን ሒሳብ ነው።

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ውድድር ማዘጋጀት የጀመረ ወይም ከዲለርነት (ካርታ ከማደል ሥራ) ወደ ፍሎርነት ሊያድግ ያሰበ ነው። ቬጋስ ውስጥ በካሲኖ ሥራ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሐበሻ ብዙ ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሌላው ገንዘቡን ከፍሎ የሚጫወት ሰው ነው። የተቀመጠበት ጠረጴዛ ለምን እንደዚያ እንደሆነ የማወቅ መብት አለው።

የጠረጴዛ መጠን ስል ስለ እንጨቱ አይደለም። አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ሰው ብዛት ማለቴ ነው። በውድድር ዓለም የተለመዱት 6፣ 8፣ 9 እና 10 ናቸው። ይህ ቁጥር ከውድድሩ በፊት አንዴ ይወሰናል። ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ሰው በወጣ ቁጥር እንደገና ይታያል። ሁለቱንም በቅደም ተከተል እንያቸው።

ደረጃ 1፦ ጨዋታው ራሱ ስንት ሰው ይፈቅዳል?

ካርታው 52 ነው። ከዚህ ማምለጥ አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ ካርታውን እንቁጠር።

ሆልደም በሚባለው የፖከር ዓይነት ላይ እያንዳንዱ ተጫዋች 2 ካርታ ይይዛል። መሐል ላይ 5 ይዘረጋል። ከፍሎፑ (በአንድ ጊዜ ከሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ 3 ካርታዎች)፣ ከአራተኛውና ከአምስተኛው ካርታ በፊት አንድ አንድ ካርታ ተዘግቶ ይጣላል፤ ይህ 3 ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው ብቻውን 8 ካርታ ይወስዳል ማለት ነው። 10 ሰው ቢቀመጥ 20 እና 8፣ በድምሩ 28። ገና 24 ካርታ ይተርፋል። በሆልደም ካርታ ችግር ሆኖ አያውቅም።

ኦማሃ ላይ ነገሩ ይጠብባል። እያንዳንዱ ሰው 4 ይይዛል። 9 ሰው ከሆነ 36 እና 8፣ 44 ይሆናል። 10 ሰው ከሆነ 48። ይበቃል፣ ግን ጫፍ ላይ ነው። አሁን እየተለመደ ወደመጣው ባለ 5 ካርታ ኦማሃ እንሂድ። 8 ሰው ሲሆን 40 እና 8፣ 48። 9 ሰው ሲሆን 53። አንድ ካርታ ጎደለ! ስለዚህ ባለ 5 ካርታ ኦማሃን 9 ሰው አስቀምጦ ማጫወት አይቻልም፤ ማንም ፍሎር ይህን ሊለውጠው አይችልም። ባለ 6 ካርታው ደግሞ በ7 ሰው 50 ይደርሳል፤ በ8 ሰው 56 ይሆናልና አይሆንም።

ባለ 7 ካርታው ስተድ ለየት ይላል። 8 ሰው እስከ መጨረሻው ቢቆይ 56 ካርታ ያስፈልጋል። ግን ሁሉም እስከ መጨረሻ አይቆይም፤ አብዛኛው ካርታውን ቀድሞ ይጥላል። ስለዚህ 8 ሰው ይቀመጣል። አልፎ አልፎ ካርታው ቢያልቅ ዲለሩ አንድ የጋራ ካርታ መሐል ላይ ያወጣል። ካርታ እየለወጡ የሚጫወቷቸው ጨዋታዎች ብዙ ካርታ ስለሚበሉ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ሰው ይካሄዳሉ።

ውድድሩ ድብልቅ ጨዋታ ከሆነ ጣሪያውን የሚወስነው ከሁሉም ጠባብ የሆነው ጨዋታ ነው። ሆርስ የሚባለው ድብልቅ ውስጥ ስተድ ስላለ 8 ላይ ያቆማል። ሆልደሙ ሲመጣ 10፣ ስተዱ ሲመጣ 8 እያደረጉ ሰው ማስነሣትና ማስቀመጥ አይሞከርም።

ደረጃ 2፦ ሜትር ይዛችሁ ተነሡ

ካርታው የፈቀደውን ሁሉ እንጨቱ አይፈቅድም። ብዙ ፖከር ቤት ውስጥ የምታገኙት ሞላላ ጠረጴዛ ወደ 240 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና ወደ 107 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ሁለቱ ጫፎች ግማሽ ክብ፣ ጎኖቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። ዙሪያውን ስናሰላው 6 ሜትር ገደማ ይሆናል። ዲለሩ ቢያንስ 70 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። ለተጫዋቾች የሚቀረው 5 ሜትር ከ30 ነው።

አካፍሉት። በ10 ሰው ለእያንዳንዱ 53 ሳንቲ ሜትር ይደርሰዋል። በ9 ሰው 59። በ8 ሰው 66። በ6 ሰው 88። 53 ሳንቲ ሜትር ማለት ከአንድ ትልቅ ሰው ትከሻ ብዙም አይበልጥም። ሰውየው ክርኑን መዘርጋት፣ ቺፑን (በገንዘብ ምትክ የሚጫወቱበትን ክብ ቁራጭ) መደርደር፣ መጠጡን ማስቀመጥ፣ ካርታውን ከጎረቤት ዓይን ሰውሮ ማየት አለበት።

ስለ አሥረኛው ወንበር ያለኝን አቋም በግልጽ ልናገር፤ አልወደውም። ችግሩ መጣበቡ ብቻ አይደለም። ወንበር 1 እና ወንበር 10 በዲለሩ ግራና ቀኝ ናቸው። ዲለሩ መሐላቸው ስለሚቀመጥ አይተያዩም። አንዱ የሌላውን ቺፕ መቁጠር አይችልም። አንድ ጊዜ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ቤት፣ 10 ሰው በተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ሳድል ወንበር 10 ያለችው ሴትዮ ድምፅ ሳታሰማ ቺፕ አስገባች። ወንበር 1 ያለው ሰውዬ አላየም። ተራው የደረሰ መስሎት፣ ማንም ዋጋ ያልጨመረ መስሎት “ኦል-ኢን” (ያለኝን ቺፕ ሁሉ አስገባሁ) አለ። ፍሎር ተጠራ። ደንቡ ተነበበ። ቺፑ መሐል ላይ ቀረ፤ ሰውየውም ከውድድሩ ወጣ። ፍሎሩ በደንቡ መሠረት ትክክል ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ጥፋቱ የወንበሩ ነው ብዬ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት። እስከ ዛሬም እንደዚያ ነው የማምነው።

ዘጠኝ በዚህ ዓይነት ጠረጴዛ ላይ ይሠራል። ስምንት ይመቻል። ጠረጴዛችሁ ከዚህ ካጠረ ደግሞ በ60 ሳንቲ ሜትር እያካፈላችሁ ቁጥሩን አውርዱ።

እ.ኤ.አ. በ2020 ቬጋስ ከኮሮና መዝጊያ በኋላ በሰኔ ሲከፈት ፖከር ቤቶች ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጡትን ሰው ቀንሰው ነበር። በኋላ በተጫዋቾች መካከል ግልጽ ፕላስቲክ ቆመ። ያን ጊዜ የጠረጴዛ መጠን የጤና ጉዳይ ሆነ። ብዙ ተጫዋች ሰፋ ብሎ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ያኔ ቀመሰው።

ደረጃ 3፦ ጠቅላላ ተመዝጋቢን ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚቀመጠውን ሰው ቁጠሩ

አዲስ አዘጋጆች ከሁሉም በላይ የሚሳሳቱት እዚህ ነው። “150 ሰው ይመጣል፣ ስለዚህ 150 ወንበር” ይላሉ። ዛሬ ብዙ ውድድር ዘግይቶ መመዝገብን ይፈቅዳል። የወጣ ሰውም ከፍሎ ድጋሚ መግባት ይችላል። 150 መግቢያ ማለት 150 ሰው በአንድ ጊዜ ተቀምጧል ማለት አይደለም። አንዱ ሲገባ ሌላው እየወጣ ነው።

አንድ ምሳሌ እንያዝ፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ይዘነው እንሄዳለን። ቤታችን 14 ጠረጴዛ አለው። ጨዋታው ሆልደም ነው። 150 መግቢያ እንጠብቃለን። ምዝገባው ለ6 ሌቭል ክፍት ነው፤ ሌቭል ማለት የግዴታ ክፍያው ሳይለወጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ሌቭል 30 ደቂቃ ስለሆነ 3 ሰዓት መሆኑ ነው። ካለፉት ውድድሮች መዝገባችን ምዝገባው እስኪዘጋ 45 ያህል እንደሚወጡ እናውቃለን እንበል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ የሚቀመጠው ከፍተኛ ቁጥር 105 ገደማ ነው።

14 ጠረጴዛ በ8 ሲባዛ 112 ነው። በ9 ሲባዛ 126። በ6 ሲባዛ 84። ስድስት አይበቃም። ስምንት ይበቃል፣ 7 ወንበርም ይተርፋል። ዘጠኝ ሰፊ መጠባበቂያ አለው። እኔ ብሆን 8 እመርጣለሁ። በምዝገባው ሰዓት ከ112 በላይ ሰው ቢመጣ 9ኛውን ወንበር ለጊዜው እከፍታለሁ፤ ምዝገባ ሲዘጋ ወደ 8 እመልሳለሁ። ይህን ማድረግ ነውር የለውም፣ አስቀድሞ እስከተነገረ ድረስ።

ወንበር ካለቀስ? የተጠባባቂ ዝርዝር ይከፈታል። ሰው ሲወጣ በተራ ይገባል። ግን ተጠባባቂው እየጠበቀ ሳለ ብላይንዱ፣ ማለትም በየሃንዱ ሁለት ሰዎች በየተራቸው በግዴታ የሚያስገቡት ክፍያ፣ እየጨመረ ነው። ሙሉ ዋጋ ከፍሎ አቅሙ በቀነሰ ቺፕ ይጀምራል። ስለዚህ ተጠባባቂ ዝርዝር ለክፉ ቀን እንጂ የዕቅድ አካል አይሁን።

ይህ ለትናንሽ ቤቶች ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ፖከር ተከታታይ ውድድር፣ ዋርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር የሚባለው፣ ቬጋስ ሪዮ ሆቴል ውስጥ ነበር። ዋናው ውድድር መግቢያው 10,000 ዶላር ነው። የመጀመሪያው ቀን ለአራት ተከፍሎ ነበር። ብዙ ሰው የመጨረሻውን ቀን ጠበቀ። ያ ቀን ሞላ። በመቶዎች የሚቆጠር ተጫዋች፣ 10,000 ዶላሩን ይዞ፣ ወንበር የለም ተብሎ ተመለሰ። አዳራሹ ግዙፍ ነበር። ግን ግዙፍም ቢሆን ወንበር ይቆጠራል።

በዚያ ልክ ሲሆን አንዲት ወንበር ምን ያህል እንደምትከብድ ተመልከቱ። 5,000 ሰው በአንድ ቀን ቢቀመጥ፣ በ9 ሲሆን 556 ጠረጴዛ ይበቃል። በ8 ሲሆን 625 ያስፈልጋል። የ69 ጠረጴዛ ልዩነት ነው። ዋናው ውድድር እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ 10,112 ሰው መዝግቧል። ትልልቆቹ ውድድሮች 9ን በቀላሉ የማይተዉት ለዚህ ነው።

ደረጃ 4፦ ጠረጴዛ አለ፤ የሚያድልስ?

ጠረጴዛ ያለ ዲለር እንጨት ነው። ዲለር አንድ ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ሠርቶ ወደ ቀጣዩ ይዛወራል። አራት ጠረጴዛ ከዞረ በኋላ ግማሽ ሰዓት ዕረፍት ይውሰድ ካልን፣ ለ4 ጠረጴዛ 5 ዲለር ያስፈልጋል። ለ14 ጠረጴዛ 17 ተኩል፣ ማለትም 18።

ያላችሁ 16 ዲለር ብቻ ከሆነ 14 ጠረጴዛ የላችሁም። 12 ጠረጴዛ በ15 ዲለር ይሸፈናል፤ ሰው ቢታመም 16ኛው መተኪያ ነው። 12 በ8 ሲባዛ 96 ስለሆነ ለ105 አይበቃም። 12 በ9 ሲባዛ 108 ነው፤ ይበቃል። አያችሁ? በሰው እጥረት ምክንያት 8 የነበረው ውድድር 9 ሆነ። ተጫዋቹ “ለምን አጨናነቁን?” ሲል ብዙ ጊዜ እውነተኛው መልስ ይህ ነው።

ዕረፍት ቆርጣችሁ 14ቱን ለመሸፈን አትሞክሩ። በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ሦስት ሰዓት ያለ ዕረፍት ያደለ እጅ ካርታ ይገለብጣል፣ ፖት፣ ማለትም መሐል የተጠራቀመውን ቺፕ፣ ያሳስታል።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱንና ብላይንዱን ከቁጥሩ ጋር አስማሙ

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ብዙ አዘጋጅ የሌላ ቤት የብላይንድ ሰንጠረዥ እንዳለ ይገለብጣል። የ9 ሰው ሰንጠረዥ ለ6 ሰው ሲውል ውድድሩ ሌላ ነገር ይሆናል።

አሁን በስፋት በሚሠራበት አሠራር አንድ ዙር ለአንድ ተጫዋች ስንት ያስወጣዋል? ትልቁ ብላይንድ 1። ትንሹ ብላይንድ ግማሽ። አንቲውን፣ ማለትም ከብላይንዱ ሌላ የሚገባውን የግዴታ ክፍያ፣ ትልቁ ብላይንድ ላይ ያለው ሰው ለሁሉም ይከፍላል፤ እሱም 1። ጠቅላላ 2.5 ትልቅ ብላይንድ። ይህ ዋጋ ጠረጴዛው 9 ሰው ይኑረው 6 ያው ነው። የሚለየው ተራው ምን ያህል ቶሎ ይመጣል የሚለው ነው።

አንድ ሃንድ፣ ማለትም ካርታው ከሚታደልበት ፖቱ እስከሚበላበት፣ በ9 ሰው 2 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። በ30 ደቂቃ ሌቭል 15 ሃንድ ይታደላል። 15 ለ9 ሲካፈል 1.67 ዙር ነው። ተጫዋቹ ምንም ሳይጫወት በሌቭሉ 4.2 ትልቅ ብላይንድ ያህል ይከፍላል።

8 ሰው ሲሆን ትንሽ ይፈጥናል፤ 16 ሃንድ፣ 2 ዙር፣ 5 ትልቅ ብላይንድ። 6 ሰው ሲሆን የበለጠ ይፈጥናል፤ 18 ሃንድ እንበል። 3 ዙር ነው። 7.5 ትልቅ ብላይንድ! ዲለሩ በፈጠነ ወይም በዘገየ ቁጥር አኃዙ ይለዋወጣል፣ አቅጣጫው ግን አይለወጥም።

ስለዚህ ባለ 6 ሰው ውድድር ስታዘጋጁ ሌቭሉን አርዝሙ ወይም የመነሻ ቺፑን ጨምሩ። ካልጨመራችሁ ውድድሩ ሳይታሰብ ይፈጥናል፤ ተጫዋቹም ዕድል ተጫወተብኝ ይላል። ትክክል ነው ማለት ይቻላል።

ደረጃ 6፦ በሩ ሲከፈት ስንት ጠረጴዛ ይከፈት?

በመነሻው ሰዓት 60 ሰው ተመዝግቧል። ስምንት ስምንት አድርገን 7 ተኩል ጠረጴዛ እንሙላ? አይሆንም። ከ5 ደቂቃ በኋላ የሚመጣው ሰው የት ይቀመጣል? 14ቱንም ከፍተን አራት አራት እናስቀምጥ? እሱም አይሆንም፤ ገና ከጅምሩ ቀደም ብሎ የመጣው ሰው ብላይንዱን በቶሎ ቶሎ ይከፍላል። በሰዓቱ የተገኘን ሰው መቅጣት ነው።

መሐሉን ያዙ። በአማካይ 6 ሰው እንዲደርስ አድርጉ። 60 ሰው፣ 10 ጠረጴዛ። እያንዳንዱ ላይ 2 ወንበር ለሚመጣው ሰው ይቆያል። ቁጥሩ 70 ሲያልፍ፣ ማለትም አማካዩ 7 ሲደርስ፣ 11ኛውን አዘጋጁ። ዲለሩ ይቀመጥ፣ ቺፑ ይቆጠር። ግን አዲሱ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰው ብቻቸውን አትጀምሩ። አምስት እስኪሆኑ ጠብቁ፤ ካልሆነም ከሞላ ጠረጴዛ አምጡ።

ወንበር ሁልጊዜ በዕጣ ነው። ማሽኑ ያውጣ፣ ወይም የተበወዘ የወንበር ካርድ ይሰጥ። “ከጓደኛዬ ጋር አስቀምጡኝ” የሚል ይመጣል፤ በትሕትና እምቢ ይባላል። ሁለት ጓደኛማቾች አንድ ጠረጴዛ ላይ በምርጫቸው ከተቀመጡ፣ ምንም ባያደርጉ እንኳ የቀሩት ስድስቱ ይጠራጠራሉ። ዕጣው ሁለቱንም ከሐሜት ያድናቸዋል።

ደረጃ 7፦ ጠረጴዛ መዝጋት

ምዝገባ ሲዘጋ ሥራው ይገለበጣል። እስካሁን ስንከፍት ነበር፤ አሁን እንዘጋለን። ቀመሩ ቀላል ነው። ካሏችሁ ጠረጴዛዎች አንድ ቀንሱ። በወንበሩ ቁጥር አባዙ። የቀረው ተጫዋች እዚያ ቁጥር ላይ ሲደርስ አንድ ጠረጴዛ ይዘጋል። በእኛ ምሳሌ 13 በ8 ሲባዛ 104 ነው። ከ105ቱ አንድ ሰው ሲወጣ 14ኛው ጠረጴዛ ይፈርሳል። ቀጣዩ በ96፣ ከዚያ በ88፣ ከዚያ በ80።

የትኛው ጠረጴዛ ቀድሞ እንደሚፈርስ ውድድሩ ሳይጀመር ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። መጨረሻ ላይ የሚፈርሰው ጠረጴዛ የደረሰው ሰው ለሰዓታት ሳይነሣ ይጫወታል። ጎረቤቶቹን ያጠናል፤ ማን ደፋር ማን ፈሪ እንደሆነ ይለያል። ዕውቀቱ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ፍሎሩ እዚያው ቆሞ “ዛሬ ይሄኛው ይፍረስ” ማለት የለበትም። ዝርዝሩ ይወስን።

የፈረሰው ጠረጴዛ ተጫዋቾች በዕጣ ይበተናሉ። የውድድር ዳይሬክተሮች ማኅበር የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ማት ሳቬጅ፣ ሊንዳ ጆንሰን፣ ዴቪድ ላምብና ጃን ፊሸር የመሠረቱት ነው። ደንቡን ዛሬ ብዙ ቤት ይከተለዋል። ዕጣው በሁለት ደረጃ ይሁን ይላል፤ ለምሳሌ የወንበር ካርዶቹ ተገልብጠው ይበወዛሉ፣ ከዚያ ማን የትኛውን እንደሚያገኝ ሌላ ዕጣ ይወስናል። አንድ ሠራተኛ ለሚወደው ሰው ጥሩ ወንበር እንዳያቀብል ነው።

በዕጣ የመጣ ሰው ያገኘውን ይቀበላል። ትልቁ ብላይንድ ቢደርሰው ይከፍላል፤ በተን (የማደል ተራውን የሚያሳየው ምልክት) ያለበት ወንበር ላይ ቢያርፍም ይታደልለታል። የማይታደልለት በትንሹ ብላይንድና በበተኑ መካከል ከገባ ብቻ ነው። ያን ጊዜ በተኑ እስኪያልፈው አንድ ሃንድ ይጠብቃል።

ደረጃ 8፦ ማመጣጠን፤ “ለምን እኔ?” የሚለው ጥያቄ መልስ

ሰው ከየጠረጴዛው እኩል እኩል አይወጣም። አንዱ ጠረጴዛ ላይ በግማሽ ሰዓት ሦስት ሰው ይነሣል፣ ሌላው ላይ አንድም። ልዩነቱ 2 ሲደርስ ሰው ይዛወራል። ከሞላው ጠረጴዛ በ3 የጎደለ ጠረጴዛ ካለ ደግሞ፣ በዚያው ማኅበር ደንብ፣ እዚያ ጨዋታው ይቆማል። ሰው እስኪመጣ ካርታ አይታደልም። ያለዚያ አምስት የቀሩት ሰዎች ስምንት ካሉበት ጠረጴዛ ይልቅ በፍጥነት እየከፈሉ ይቀጥላሉ።

አሁን ማን ይነሣ? ዕጣ አይደለም። ብዙ ቺፕ ያለው ወይም ትንሽ ያለው አይደለም። በቀጣዩ ሃንድ ትልቁን ብላይንድ የሚከፍለው ሰው ነው። የት ይቀመጥ? የሚሄድበት ጠረጴዛ ላይ ካለው ክፍት ወንበር ከሁሉ የከፋው፣ ማለትም ትልቁ ብላይንድ ቶሎ የሚደርስበት። ትንሹ ብላይንድ ላይ ግን አይቀመጥም።

በምሳሌ እንየው። ጠረጴዛ 3 ላይ 8 ሰው አለ። ጠረጴዛ 9 ላይ 6። ጠረጴዛ 3 ላይ አሁን ያለቀውን ሃንድ ትልቁን ብላይንድ የከፈለው ወንበር 6 ነበር። ቀጣዩ ወንበር 7 ነው። ስለዚህ ወንበር 7 ያለው ቺፑን ይሰበስባል። ጠረጴዛ 9 ላይ ወንበር 2 እና ወንበር 7 ክፍት ናቸው። ለቀጣዩ ሃንድ በተኑ ወንበር 5 ላይ፣ ትንሹ ብላይንድ ወንበር 6 ላይ ነው። አዲሱ ሰው ወንበር 7 ላይ ተቀምጦ ትልቁን ብላይንድ ይከፍላል።

ሰውየው ተጎዳ? አልተጎዳም። እዚያው ቢቆይም በዚያው ቅጽበት ያንኑ ብላይንድ ይከፍል ነበር። ወንበር 2 ላይ ብናስቀምጠው ኖሮ ከክፍያው ያመልጥ ነበር። አሁን ትልቁን ብላይንድ የከፈለውን ሰው አንሥተን ብናመጣው ደግሞ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለቴ ይከፍል ነበር። ደንቡ የተሠራው ለዚህ ነው። አንዳንዴ ሌላ ክፍት ወንበር ባለመኖሩ ሰው ሁለቴ ይከፍላል፤ ያ ይታወቃል፣ ይታገሡታል።

ስተድ ላይ ብላይንድ ስለሌለ ይህ አይሠራም። እዚያ በወንበር ቁጥር ነው የሚኬደው።

ለፍሎር የምመክረው አንድ ነገር አለ። ሰውየውን ስታነሡ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩት። “ጌታዬ፣ ቀጣዩ ትልቅ ብላይንድ እርስዎ ስለሆኑ ነው።” አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ሳይናገሩ በጣት ከማስነሣት ጋር ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው።

ደረጃ 9፦ ወደ መጨረሻው ጠረጴዛ

ሽልማት ሊጀመር አንድ ሰው ሲቀር ሁሉም ጠረጴዛ ሃንድ በሃንድ ይጫወታል። የጨረሰው ጠረጴዛ ሌሎቹ እስኪጨርሱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የጠረጴዛ መጠን እዚህ ላይ በደንብ መመጣጠን አለበት። አንዱ ጠረጴዛ 8 ሌላው 6 ሆኖ ወደዚህ ሰዓት መግባት ከባድ ግፍ ነው።

ከዚያ ሁለት ጠረጴዛ ይቀራል። መቼ ይዋሐዱ? የተለመደው አሠራር ከሙሉ ጠረጴዛ በ1 ሲበልጥ ነው። ባለ 6 ውድድር በ7 ሰው፣ ባለ 8 ውድድር በ9፣ ባለ 9 ውድድር በ10። ምክንያቱ ይገባል። ባለ 6 ውድድር 7 ሰው ሲቀር አንዱ ጠረጴዛ 4 ሌላው 3 ነው። በ3 ሰው የሚጫወቱት ፖከር ሌላ ጨዋታ ነው፤ ብላይንዱ ፋታ አይሰጥም። ለአንድ ሰው ጠጋ ጠጋ ብሎ መቀመጥ ይሻላል። አሥረኛውን ወንበር የማልቀየመው እዚህ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ከዚህ ወጣ የሚሉም አሉ። ዋርልድ ፖከር ቱር እ.ኤ.አ. በ2002 ሲጀመር የቴሌቪዥን የመጨረሻ ጠረጴዛውን 6 ሰው አደረገው። ካሜራው ሁሉንም ፊት ይይዛል፣ ተመልካቹም ማን ማን እንደሆነ አይጠፋበትም። የዋርልድ ሲሪስ ዋናው ውድድር በ9 ጸና። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2016 ድረስ ዘጠኙ በሐምሌ ተለይተው ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ እስከ ኅዳር ይቆይ ነበር፤ የኅዳር ዘጠኞች ይባሉ ነበር። የወንበሩ ቁጥር መጠሪያ ሆነ ማለት ነው።

የመጨረሻው ጠረጴዛ ሲመሠረት ሁሉም እንደገና ዕጣ ያወጣል። ማንም የነበረበትን ወንበር ይዞ አይቀጥልም።

ደረጃ 10፦ ወረቀቱ ላይ ጻፉት

ይህ ሁሉ ሒሳብ በአዘጋጁ ጭንቅላት ውስጥ ከቀረ ጭቅጭቅ አይቀርም። ምዝገባ ጠረጴዛው ላይ፣ ከብላይንዱ ሰንጠረዥ ሥር፣ አጭር ማስታወቂያ ይኑር። ተጫዋች ከሆናችሁ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ወረቀት ጠይቁ። ለምሳሌያችን ውድድር እኔ ብጽፈው እንዲህ ይላል፦

“ውድድሩ በ8 ሰው ይካሄዳል። ምዝገባ ክፍት በሆነበት ጊዜ ብቻ እስከ 9 ሰው ሊቀመጥ ይችላል። 7ኛው ሌቭል ሲጀመር ሁሉም ጠረጴዛ ወደ 8 ይመለሳል። ወንበር በዕጣ ብቻ ነው። ጠረጴዛዎች ከ14 ወደ 1 በቁጥር ቅደም ተከተል ይፈርሳሉ። ለማመጣጠን የሚዛወረው ቀጣዩ ትልቅ ብላይንድ ነው። በ3 ሰው የጎደለ ጠረጴዛ ይቆማል። 9 ሰው ሲቀር በአዲስ ዕጣ ወደ አንድ ጠረጴዛ እንሰበሰባለን።”